ባልየው የወጣበት ክረምት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን መካነ ሰላም ገበያ መሐል አንዲት ሴትዮ አስቆመችኝና "የሺ፣ የሰው ትዳር ማፍረሱን ተውሽው አሉ?" አለችኝ። "ምን ላድርግ፣ የሚፈርሰው አለቀብኝ" አልኳት። ከት ብላ ሳቀችና አንድ እፍኝ ሽምብራ ዘንቢሌ ውስጥ ጨምራልኝ መንገዷን ቀጠለች። ይህቺው ሴትዮ ድሮ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ፣ በእኔ ምክር ነው ጥርሷን ያተረፈችው። ሰው ፊት ግን ትዳር አፍራሽ ትለኛለች። አልቀየማትም፤ ስሙን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም በስተርጅና ደስ ይለኛል።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። የወረዳ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ የተዘረዘረው ተግባር ብዙ ነው፤ ማደራጀት አለ፣ ማስተማር አለ፣ የማርች ስምንትን በዓል ማክበር አለ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን በአንድ ነገር ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ነገ በሕይወት እንድትነሣ፣ ከዚያም አልፎ የምትነሣበት ቤት እንዳታጣ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። አንድ አለመሆናቸውን የተማርነው በሰው ሕይወት ላይ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ኩታበር ነበር። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ቢሮ ሲያደራጅ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ሴት ተፈለገችና እኔ ተገኘሁ። የተሰጠኝ አንድ ወንበር ነው። ጠረጴዛው ከግብርና ሰዎች በውሰት የመጣ ስለሆነ ስብሰባ ሲኖራቸው ከፊቴ አንሥተውት ይሄዳሉ፤ እኔም ወረቀቴን ጭኔ ላይ አድርጌ እሠራለሁ። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለጨውና ለበርበሬ የሚተርፍ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ያኔ ሥራ መናገር ይመስለኝ ነበር። ሴቶቹን ሰብስቤ፣ ከፊታቸው ቆሜ፣ ስለ መብት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እናገራለሁ። እነሱም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። ሲበተኑ ግን አንዲትም ሴት ወደ እኔ አትመጣም። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው "ልጄ፣ አነጋገርሽ ማር ነው። ግን ባሎቻችን እዚያ አጥር ጥግ ቆመው እኮ ነው የሚያዩን" አሉኝ። ዘወር ስል እውነትም ቆመዋል። ኃላፊዬ በበኩሉ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፤ "ስንት አስታረቅሽ?" የታረቁ ከበዙ ሥራው ጥሩ ነው። የታረቀችው ሴት በምን ሁኔታ እንደምትኖር የሚጠይቅ አልነበረም።

ሙያ ያስተማሩኝ ወረኢሉ ስዛወር ያገኘኋቸው እትዬ ዘይነብ ናቸው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ በመሥሪያ ቤቱ ግን የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ ሻሻቸውን አጥብቀው የሚያስሩ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን "ነገ እህል ይዘሽ ነይ፣ ወፍጮ ቤት እንሄዳለን" አሉኝ።

"እቤት የተፈጨ ዱቄት አለኝ" አልኳቸው።

"ዱቄቱንም ቢሆን በጆንያ ይዘሽው ነይ። ወረፋ የሚያስይዘው ጆንያው ነው እንጂ ውስጡን ማን ያያል?"

ሄድን። የናፍጣው ሞተር ያጓራል፣ ሴቶቹ ጆንያቸውን ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ፣ ወንድ የሚባል ከባለወፍጮው በቀር የለም። እትዬ ዘይነብ ከጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ከጉያቸው እንዝርትና የበግ ፀጉር አወጡና ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብሱ፣ የሚሆን ክር መፍተል ጀመሩ። አጠገባቸው ከተቀመጠችው ሴት ጋር ስለ ገብስ፣ ስለ በግ ቆዳ፣ ስለ ብርዱ ያወራሉ። ቀና ብለው አያዩዋትም። ብዙ ቆይተው፣ ዓይናቸውን ከክሩ ሳይነቅሉ፣ "አባወራሽ ከውጭ ሲመጣ ልጆቹን እንዴት ያደርጋቸዋል?" አሏት። ሴትዮዋ ጆንያዋን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ እህሏ ተፈጭቶ እስኪያልቅ አላቋረጠችም። በዚያ የሞተር ጩኸት ከሁለታችን በቀር የሰማት አልነበረም።

"'መታሽ ወይ?' አትበያት" አሉኝ ስንመለስ። "'መታሽ ወይ' ካልሻት 'ኧረ ወላሂ አልነካኝም' ትልሻለች። ባሏን ማሳጣት ነዋ። ስለ ልጆቹ ጠይቂያት። የልጅ ነገር ሲነሣ አንጀቷ አይችልም። ደግሞ ዓይን ዓይኗን አትያት። የሚያያት ሰው አልጠፋም፤ የሚሰማት ነው የጠፋው።"

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ቢኖርም አይሳፈሩም፤ መኪና መንደር የገባ ቀን ነገር መጣ ይባላልና። የሚፈልጓትን ሴት ደጃፍ ከመርገጣቸው በፊት የጎረቤቶቿን ሁሉ ደጃፍ ይረግጣሉ፤ ካንዷ እንቁላል ይገዛሉ፣ ካንዷ የዶሮ በሽታ ይጠይቃሉ። በኋላ ማን ማንን ፈልጎ እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም። ባልን በሰው ፊት ገሥጸው አያውቁም። እኔ በወጣትነቴ አፌ አያርፍም ነበርና አንዱን ገበያ መሐል ልክ ልኩን ልነግረው ስል ክንዴን ጨብጠው ወደ ኋላ ሳቡኝ። "አንቺ ተናግረሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ወንዱን ያዋረድሽበትን ዕዳ ማታ የምትከፍለው እሷ ናት" አሉኝ። እስከ ጡረታዬ ድረስ አፌ ሲበላኝ የእሳቸው እጅ ክንዴ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን እትዬ ዘይነብ ሥራቸውን የመሠረቱት በሚዜ ላይ ነው። በእኛ አገር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ጋ፣ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ አንደኛው ሚዜ ሽማግሌ ፊት "ከእንግዲህ እህቴ ናት" ብሎ ይምላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሟ ነው። ባሏ ቢበድላት የምትሸሸው ወደ እሱ ቤት ነው፤ እሱም ሊያስጠጋት ግድ ነው። ያኔ መጠለያ የሚባል ነገር በገጠር ወሬውም አልነበረምና እትዬ ዘይነብ በየመንደሩ ያሉትን ሚዜዎች ያውቁ ነበር። የትኛው ቃሉን ይጠብቃል፣ የትኛው ከባልየው ጋር አብሮ ይውላል፣ የትኛዋ የሚዜ ሚስት ፊቷን ታጠቁራለች፣ ሁሉን ለይተዋል። ሴትዮዋ የከፋት ቀን በየትኛው መንገድ፣ ወደ ማን ቤት እንደምትሮጥ አስቀድመን እንነግራታለን። ብዙ ሴት በዚህ መንገድ ከዱላ አምልጣለች። ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ ነው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከባድ ነገር ገጠመን። ተዋበች የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ ክፉኛ ይደበድባታል። የነገርናትን መንገድ ይዛ፣ ትንሿን ልጇን አዝላ፣ ሚዜው ቤት ገባች። ሚዜውም የጨዋ ልጅ ነው፤ አስጠጋት፤ ባልየው ቢመጣም "ከሬሳዬ ላይ ተራምደህ ውሰዳት" አለው። እኛም ተሳካ ብለን ደስ አለን። ተዋበች እዚያው ክረምቱን ከረመች፣ በጋው ገባ። ለባልየው በዚህ መሐል ቤቱ ያው ቤት፣ ማሳው ያው ማሳ፣ ሁለቱ ትልልቅ ልጆች እሱው ዘንድ ናቸው። "ጥላኝ ኮበለለች" ብሎ ላገር ምድሩ አወራ፤ ወጥ የምትሠራለት ሌላ ሴት አስገባ። ያን ሰሞን መሬት የሚመዘግቡ ሰዎች መንደሩ ደረሱ። ቤቱ ውስጥ ያገኙትን ሰው መዘገቡ። ስንጮህ "የት ነበረች?" ተባልን። ሽማግሌዎቹም "ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት ምን ቤት አላት?" አሉን።

ተዋበች ቢሯችን መጣች። አላለቀሰችም። "አተረፋችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች፤ "አሁን የት ልሂድ?" ደሴ ሰው ቤት ተቀጠረች፤ ከደሴ ዓረብ አገር ሄደች። አንድ ጊዜ ለልጆቿ ብርድ ልብስ ልካለች ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ያየኋትም ወሬዋን የሰማሁትም የለም። እስከ ዛሬ ከዓረብ አገር የምትመለስ ሴት ሳይ ፊቷን አያታለሁ።

ተዋበች የሄደች ዕለት እትዬ ዘይነብ እንዝርታቸውን ሳይነኩ ዋሉ። ቢሮው ሊዘጋ ሲል "የሺ" አሉኝ።

"አቤት።"

"ያስወጣነው የማይወጣውን ሰው ነው።"

"እንዴት?"

"ቤቱን የሚያምሰው እሱ፣ ከቤቱ የምትወጣው እሷ። ላም ማሳ ብትገባ የምታባርሪው ላሚቱን ነው ወይስ ማሳውን?"

"ታዲያ እሱን ማን ያስወጣዋል? የት ይገባል?"

"እኔ እንጃ። እኔ መሽቶብኛል፤ አንቺ አስቢበት" አሉና ሻሻቸውን አጥብቀው ተነሡ። በዓመቱ ጡረታ ወጡ። የቤት ሥራውን ግን ለእኔ ትተውልኝ ነው የወጡት።

መካነ ሰላም የተዛወርኩት ከዚህ በኋላ ነው። አውቶቡሱ ከደሴ ተነሥቶ በአቅስታ በኩል ሲጓዝ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኃላፊዬ "ልማዳዊ አሠራር" ብሎ የሚጠራውን ሁሉ የማይወድ ወጣት ነበር። ወፍጮ ቤት መዋሌን ሰምቶ በግምገማ ላይ አነሣብኝና "የሥራ ሰዓት ላይ እህል ታስፈጫለች" ተብዬ ተገመገምኩ። እውነት ነው፣ አስፈጭ ነበር። ሂሱን ውጬ በማግሥቱ ጆንያዬን ይዤ ሄድኩ።

ከድጃን ያገኘኋት እዚያ ነው። ሦስት ልጆች ያሏት፣ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ መንደሯ ከከተማው በእግር ግማሽ ቀን ያህል ያስኬዳል። ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችውም፤ ጆንያዋን በግራ እጇ ብቻ እየጎተተች ወረፋዋን ታስጠጋለች። አጠገቧ ተቀምጬ እንዝርቴን አወጣሁ። ስለ ልጆቿ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"አንቺን አውቅሻለሁ" አለች። "ሴቶችን የምታስኮበልይው ነሽ። እኔን ውጪ እንዳትዪኝ። ቤቱን የለሰንኩት እኔ ነኝ፤ ጓሮውን የኮተኮትኩት እኔ ነኝ። ብወጣ ልጆቼ ምን ይበላሉ? እኔስ የማን ደጅ እጠናለሁ?"

"ብትቆዪስ?"

"ብቆይ ይገድለኛል" አለች፣ ነገ ገበያ ነው እንደማለት አድርጋ። "አንድ ሌላ ነገር ካለሽ ንገሪኝ። ከሌለሽ ዝም ብለሽ ፍተዪ።"

ዝም ብዬ ፈተልኩ። የተዋበች "አሁን የት ልሂድ?" ጆሮዬ ላይ አለ። ከድጃ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ "ሚዜችሁ ማን ነበር?" "ሰይድ" አለችኝ፤ "ከሁለት አጥር ማዶ ነው። ግን አልሄድም አልኩሽ እኮ።" "አንቺማ አትሄጂም" አልኳት። ያን ጊዜ ራሴ ያልኩት ነገር ራሴን አስደነገጠኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መንደሯ ሄድኩ። እንደ እትዬ ዘይነብ እንቁላል እየገዛሁ፣ የዶሮ በሽታ እየጠየቅሁ፣ በመጨረሻ ሰይድ ቤት ደረስኩ። ሰይድ ለዘብ ያለ፣ ነገር የማይወድ ገበሬ ነው። ሚስቱ ዘሀራ ጓዳ ውስጥ ሽሮ ትነፋለች። ከድጃን ባሏ እንደሚደበድባት ያውቅ እንደሆን ጠየቅሁት። ያውቃል። አንገቱን ደፋ።

"ትምጣ፣ አስጠጋታለሁ" አለ። "አላህ ያውቃል፣ ቃሌን አልበላሁም። ራሷ ናት አልመጣም ያለችው።"

"እሷን አይደለም። ይመርን ነው የምታስጠጋው" አልኩት። ይመር ባልየው ነው።

"ምን? ባህሉ እሷን አስጠጋ ነው የሚለው። እሱን አስጠጋ የሚል ከአባቴም አልሰማሁ።"

"ስትምል ምን ብለህ ነበር?"

"እህቴ ናት ብዬ።"

"እህትህን ገዛ ቤቷ ገብቶ ሰው ቢያውካት እህትህን ታስወጣታለህ ወይስ ሰውየውን?"

ሰይድ ጢሙን አሻሸ። "የሰው መሳቂያ ልሁን? ሰው ምን ይለኛል?"

ዘሀራ ከጓዳ "ሰው የሚለውን እኔ እሰማልሃለሁ" አለች። ወንፊቷን እንደያዘች ብቅ አለችና ለእኔ "ይምጣ። የእንግዳው መደብ ባዶውን ነው የሚያድር" አለችኝ። "ግን እወቂው፤ እዚህ ቤት ውስጥ እጁን ያነሣ እንደሆነ የፈላ ውሃ አላጣም።"

ሰይድ እሺ ቢልም ይመርን ከቤቱ የሚያስወጣው ኃይል አልነበረንም። ፖሊስ ቢይዘው በሳምንቱ ይለቀቃል፤ ሲለቀቅ ደግሞ የታሰረበትን በእሷ ላይ ያወርደዋል። ፍርድ ቤቱ የፍቺውን ክስ እስኪያይ ጊዜ ይፈጃል። ይመር የሚፈራው ነገር ምን እንደሆነ ስጠያይቅ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ ቅሬ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያለቅስበት ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ቢሞት የሚያነሣው፣ ቢያዝን የሚያስተዛዝነው የለም። ከዚያ የከፋ ቅጣት እኛ አገር አላውቅም።

የቅሬው ዳኛ ሼህ ይማም ናቸው። የወሩ ስብሰባ ላይ ፈቃድ ጠይቄ ገባሁና ነገሩን ተናገርኩ። ሼሁ በጥሞና ሰሙኝ፤ ሲያበቃ "ልጄ፣ በባልና በሚስት መሐል ቅሬ ገብቶ አያውቅም" አሉ። ሰዉም "እውነት ነው" እያለ አጉረመረመ።

"ሬሳ ስትሆን ትገቡ የለም እንዴ?" አልኩ። አፌ ነው፤ እትዬ ዘይነብ ክንዴን የሚይዙልኝ አልነበሩም። "ስትሞት ድንኳን ይዛችሁ የምትመጡት እናንተው ናችሁ። ሳትሞት ብትመጡ ምን ነበረበት?"

ልባረር ነው ብዬ ነጠላዬን ሰበሰብኩ። ሼህ ይማም መቁጠሪያቸውን ሲያንከባልሉ ቆዩና "ይቺ ሴት ምላሷ ክፉ ነው" አሉ፤ "ነገሯ ግን ክፉ አይደለም።" ተመካከሩ። ውሳኔውን ራሳቸው ተናገሩ። "ነገሩን ክረምቱ ሲወጣ በሽምግልና እናየዋለን፤ ይመር እስከዚያ ቀን ድረስ ሰይድ ቤት ይሰንብት። ማሳውን ይረስ፤ ማንም አይከለክለው። የከድጃን ደጃፍ ሳይፈቀድለት የረገጠ ቀን ግን ቅሬ የለውም። ከዚያ ቤት ኡኡታ የሰማ ሰው ደግሞ ቤት እንደተቃጠለ ቆጥሮ ይውጣ።"

ይመር የወጣው ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ አባርቶ ሳለ ነው። ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ከቤቱ ወጣ። ሰይድ ደጃፉ ላይ ጠብቆት "ዱላው ይቅር" አለው።

"ለውሻ ነው።"

"እኔ ቤትም ውሻ አለ፤ አይነክስህም።"

ይመር ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎት ተከተለው። ከድጃ ከበሩ አልወጣችም። እኔ ግን ፈርቼ ነበር፤ ይህ ነገር ቢገለበጥ የምትሞተው እኔ አይደለሁምና።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ጭቃው ከጉልበት በላይ ሲሆን ገበያ የሚመጡ ሴቶችን እየጠበቅሁ "ከድጃ እንዴት ናት?" እላለሁ። "አፊያ ናት" ሲሉኝ ተመስገን እላለሁ። የይመርንም ወሬ ያመጡልኛል። ዘሀራ ውሃ ታስቀዳዋለች፣ እንጨት ታስፈልጠዋለች፤ ምንጭ ላይ ሴቶቹ "ይመር ኮበለለ" እያሉ ይስቁበታል። እሱም ሰው ቤት ነውና አንገቱን ደፍቶ ቀድቶ ይመለሳል።

አንድ የገበያ ቀን ግን ሰይድ ከቤት በሌለበት ይመር የቀድሞ አጥሩ ጋ መጥቶ ቆመ። ከድጃ አየችውና ኡኡ አለች። የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ፊት ለፊቷ የሚኖሩት ባልቴት፣ ስትደበደብ ኖራ አንድ ቀን እንኳ በራቸውን ከፍተው የማያውቁት ሴትዮ፣ ማጭዳቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ተከትሎ አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ይመር በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እንደ ጅል ቆሞ "ለልጆቹ ጨው ይዤ ነው" አለ። ባልቴቷ ጨውን ተቀበሉትና "ደርሷል፤ ሂድ" አሉት። ሄደ።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ወረኢሉ ወርጄ ለእትዬ ዘይነብ ነገርኳቸው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉና "ተዋበች ይህን ባየች" አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

በሌሎች ቀበሌዎችም ከዚያ በኋላ ሞክረነዋል። ሚዜው ደካማ በሆነበት፣ ቅሬው በተከፋፈለበት ቦታ አልሠራም፤ በሠራበት ሠርቷል። ያ የገመገመኝ ወጣት ኃላፊ ኋላ ላይ ለእንግዶች ሲያስረዳ "የእኛ ወረዳ ተሞክሮ" እያለ ሲናገር እኔ ከኋላ ተቀምጬ እስቃለሁ። ዛሬ በሥራው ላይ ያሉት ልጆች ስልክ አላቸው፣ ሕግ አላቸው፣ ከተማ ላይ መጠለያ አለ ይባላል። እሰየው። እኔ በነበረኝ ሠራሁ፤ የነበረኝም ሰው ነው። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ፤ የሚታዘበኝ ካለ ይታዘበኝ።

የከድጃና የይመር የሽምግልና ቀን እህል ከታጨደ በኋላ ሆነ። የተቀመጥነው ከድጃ ግቢ ነው። ሼህ ይማምና ሌሎች ሽማግሌዎች፣ ሰይድ፣ ዘሀራ፣ ይመር፣ ከድጃ፣ እኔም ጥግ ይዤ። ስለ ሴት መብት የምናገረውን አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። የሽማግሌዎቹን ፊት ሳየው ግን ልባቸው ወደ ማስታረቁ እንዳዘነበለ ገባኝ። ይህ ሁሉ ተለፍቶ ሊመልሱባት ነው አልኩ።

መጀመሪያ የተናገረው ሰይድ ነው። "ወላሂ፣ ያየሁትን እመሰክራለሁ" አለ። "ክረምቱን በሙሉ እኔ ቤት ሲኖር ድምፁን ከፍ አድርጎ አልተናገረም። የታዘዘውን ሠርቷል። ሰውዬው ተለውጧል።"

ሽማግሌዎቹ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" አሉ። ይመርም ተነሥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ። "ሸይጣን አሳስቶኝ ነው" አለ። "ንዴት ሲይዘኝ እጄ ከእኔ ውጪ ይሆናል። የማደርገውን አላውቀውም ነበር። አሁን ተምሬያለሁ፤ ቤቴ አስገቡኝ።" ያለው ከልቡ ይመስል ነበር። አንዱ ሽማግሌ እንባቸውን ጠረጉ።

ሼህ ይማም ወደ ከድጃ ዞሩ። "ልጄ፣ ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?"

ከድጃ ለእሳቸው አልመለሰችም። ወደ ዘሀራ ዞረችና "እትዬ ዘሀራ፣ ከእናንተ ቤት ሳለ ወጥ አርሮብሽ ያውቃል?" አለቻት።

"ኧረ ስንቴ" አለች ዘሀራ።

"ውሃ ሳይቀዳ ሲያመሽብሽ ተቆጥተሽው ታውቂያለሽ?"

"አህያ ሁሉ ብዬዋለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።" ሰዉ ሳቀ። ይመርም መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ።

"ተናዶ ነበር?"

"ፊቱ በርበሬ እስኪመስል።"

"ታዲያ እጁን አንሥቶብሽ ያውቃል?"

"በእኔ ላይ? በምን ዕዳው?"

ከድጃ አሁን ወደ ሼህ ይማም ዞረች። "ሼህ፣ እኔ እስከ ዛሬ እውነት ይመስለኝ ነበር" አለች። "ሲነድደው እጁ ከእሱ ውጪ ይሆናል ሲለኝ አምነው ነበር። ለዚያ ነው ያን ሁሉ ዓመት ይቅር ያልኩት፤ ሕመም ነው ብዬ። እዚያ ቤት ግን ወጥ አረረበት፣ ተሰደበ፣ ነደደው፤ እጁን ሰበሰበ። መሰብሰብ ይችላል ማለት ነው። እንግዲያው እኔን የመታኝ እያወቀ ነው። ቂም የለኝም፣ ታረቂ ካላችሁኝ እታረቀዋለሁ። እዚህ ቤት ግን አይገባም።"

እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት፤ ያን ያህል ዓመት ሴቶችን ሳዳምጥ ኖሬ ይህን ነገር እንዲህ አድርጎ ያስቀመጠው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሼህ ይማም ዞረው "ይመር፣ ለዚህ መልስ አለህ?" አሉት።

ይመር ሁለት እጆቹን አየ። በመጨረሻ "የለኝም" አለ።

"እንግዲያው ፍርዱን እሷው ፈርዳዋለች" አሉ ሼሁ። "መሬቱንና ከብቱን በሕግ ተካፈሉ። ቤቱ የእናትና የልጆች ይሁን።" እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ። ሰዉ ሲበተን ይመር ከሰይድና ከዘሀራ ጋር በአጥሩ በር ወጣ። እኔም መንገዴ ረጅም ነውና ተነሣሁ። ከድጃ ግን የትም አልሄደችም፤ ልጆቿን ጠራቻቸውና ቤቷ ገባች።